መደርደሪያ ላይ የማይቆም መጽሐፍ፦ የዲጂታል የድምፅ መጻሕፍት ውሰትና የአማርኛ አድማጮች በኦስሎ

በፕሪንስዳል፣ ኦስሎ፣ ለማኅበረሰብ ተሟጋቾችና ለሕዝብ ተወካዮች ረዳቶች የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።



በፕሪንስዳል የሚኖር ሰው መጽሐፍ መዋስ ሲፈልግ በቅርብ የሚያገኘው በሆልምሊያ ያለውን የዳይክማን ቅርንጫፍ ነው። ዳይክማን በ1785 በካርል ዳይክማን ኑዛዜ የተቋቋመ፣ በ2020 በቢዮርቪካ የተከፈተውን ዋና ሕንጻ ጨምሮ በከተማው ዙሪያ ቅርንጫፎች ያሉት የኦስሎ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። በ1985 የወጣው የኖርዌይ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሕግ እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት ቤተ መጻሕፍት እንዲኖረው ያስገድዳል፤ ውሰቱም በነጻ እንዲሆን ያዝዛል። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለ ድህነት ወይም ስለ ቸልተኝነት አይደለም። በዓለም ላይ በሚገባ ከተደራጁት የቤተ መጻሕፍት ሥርዓቶች ስለ አንዱ፣ በዚያም ሥርዓት ውስጥ ሕጉ ሳይደፍነው ስለ ቀረ ቀዳዳ ነው።

ቤተ መጻሕፍት አንድ የወረቀት መጽሐፍ ሲገዛ ያ ቅጂ የራሱ ይሆናል። ደራሲውና አሳታሚው በሽያጩ ዋጋቸውን አግኝተዋልና፣ በተሸጠው ቅጂ ላይ የነበራቸው የማከፋፈል መብት እዚያ ላይ ያበቃል። የሕግ ሰዎች ይህን «የመብት መሟጠጥ» ይሉታል። መጽሐፉ ገጹ እስኪረግፍ ሊዋስ ይችላል፤ አሳታሚው «ከእንግዲህ አታውሱ» ቢል የሚሰማው የለም። በሲዲ የተቀረጸ ትረካም የሚዋሰው በዚሁ መንገድ ነበር። በበይነ መረብ ወደ ስልክ የሚወርደው የድምፅ መጽሐፍ ግን በሕግ ዓይን እጅ የሚለውጥ ቅጂ አይደለም። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2019 ቶም ካቢኔት በሚባለው ጉዳይ የዲጂታል መጽሐፍ መብት በሽያጭ እንደማይሟጠጥ ወስኗል። በመሆኑም ቤተ መጻሕፍቱ የሚገዛው ፈቃድ ብቻ ነው። ፈቃዱንም ባለመብቱ በወደደው ዋጋ፣ ለወደደው ዘመን ይሰጣል፤ ካልወደደም አይሰጥም።

ይህ ነገር በወረቀት ላይ ያለ ስጋት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በአሜሪካ የደረሰውን ላስታውስ። በ2011 ሃርፐርኮሊንስ የተባለው አሳታሚ አንድ የዲጂታል መጽሐፍ ፈቃድ ከ26 ውሰት በኋላ እንዲቃጠል ወሰነ፤ ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፉን ማዋስ ለመቀጠል እንደገና መግዛት አለበት። በኅዳር 2019 ማክሚላን ለአዲስ ዲጂታል መጽሐፍ አንድ የቤተ መጻሕፍት ሥርዓት፣ ከተማው የቱንም ያህል ቢተልቅ፣ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት ከአንድ ቅጂ በላይ እንዳይገዛ ከለከለ። ቤተ መጻሕፍቱም አንባቢዎቹም ተቃወሙ፤ ክልከላው በመጋቢት 2020 ተነሣ። በድምፅ መጻሕፍት በኩል ደግሞ ኦዲብል ለብቻው የሚያወጣቸው ሥራዎች በቤተ መጻሕፍት ጨርሶ ሳይገኙ ኖረዋል። እነዚህን ውሳኔዎች ሁሉ የወሰኑት የንግድ ድርጅቶች ናቸው። ፓርላማ አልተጠየቀም።

ወደ ኖርዌይ ልመለስ። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የዲጂታል መጻሕፍትን የሚያውሱት እንደ ቡክባይትስና ሊቢ ባሉ መተግበሪያዎች ነው። ተጠቃሚው የአባልነት ቁጥሩን ያስገባል፣ መጽሐፉን ይመርጣል፣ ያወርዳል፣ ይሰማል፤ ቀኑ ሲደርስ መጽሐፉ በራሱ ይመለሳል፣ የመዘግየት ቅጣትም የለም። ምቹነቱን አልክድም፤ እኔም ባቡር ላይ የምሰማው በዚሁ ነው። ነገር ግን ፈቃዶቹ የሚገዙት ከአካባቢ በጀት ነውና፣ ምን እንደሚገኝ የሚወስነው የምትኖሩበት አድራሻ ነው። ከዚህ ከፕሪንስዳል ትንሽ ወደ ደቡብ ብትሄዱ የኖርድሬ ፎሎ ማዘጋጃ ቤት ኮልቦትንን ታገኛላችሁ። ሁለት ጎረቤቶች፣ ሁለት ማዘጋጃ ቤቶች፣ ሁለት በጀቶች። በወረቀት መጽሐፍ ዘመን ይህ ልዩነት ብዙም አይጎዳም ነበር፤ ቤተ መጻሕፍት እርስ በርስ ይዋዋሳሉ፣ አንባቢውም በብሔራዊው የተዋሽ ካርድ አገሩን ሁሉ ያዳርሳል። የዲጂታል ፈቃድን ግን አንዱ ማዘጋጃ ቤት ለሌላው ማዋስ አይችልም፤ ውሉ አይፈቅድለትም።

አሁን ወደ አማርኛ። ሶንድሬ ኑርድስትራንድ የስደተኛ ቤተሰብ ዳራ ያላቸው ነዋሪዎች በብዛት ከሚኖሩባቸው የኦስሎ ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው። በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ሁሉ እንደምታውቁት፣ በእኛ ዘንድ መጽሐፍን በጆሮ መስማት ከስማርት ስልክ ጋር የመጣ ልማድ አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙ፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ሲተርከው ግን መጽሐፉ ፊደል ያልቆጠረውም ሰው ሆነ። ከወላጆቻችን መካከል መጽሐፉን ሳይገልጡ ጉዱ ካሳን በድምፁ የሚያውቁት ጥቂት አይደሉም። በአማርኛ የድምፅ መጽሐፍ ማለት ከንባብ ያነሰ ነገር ተደርጎ አይታይም፤ ራሱን የቻለ፣ የራሱ ሊቃውንት ያሉት ጥበብ ነው። ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ «ተራኪ»ን የመሳሰሉ የድምፅ መጽሐፍ መተግበሪያዎች ተነሥተዋል፤ የኤፍ ኤም ጣቢያዎች ትረካም አድማጭ አላጣም።

እንግዲህ በዚህ ሰፈር የምትኖር፣ ኖርዌጅኛ የምትናገር ግን በኖርዌጅኛ ልብ ወለድ የማትዝናና፣ የዓይኗ ብርሃን እየደከመ የመጣ አንዲት እናት እናስብ። በቤተ መጻሕፍት በኩል በአማርኛ የሚደመጥ መጽሐፍ ትፈልጋለች። ልጇ ምን ያደርግላታል? ዩቲዩብ ይከፍትላታል። እዚያ የወጋየሁን ትረካ ታገኛለች፤ በየመሐሉ ማስታወቂያ እየገባበት፣ የሆነ ሰው ከካሴት ቀድቶ የጫነው፣ ነገ ሊጠፋ የሚችል። ከዚያ ጭነት የሐዲስ ዓለማየሁ ወራሾች ምን እንዳገኙ፣ የተራኪው ቤተሰብ ምን እንዳገኘ የሚቆጣጠር ማንም የለም። ነጻ መስሎ የሚታየው ይህ መንገድ ዋጋውን የሚያስከፍለው ደራሲውንና ተራኪውን ነው። ይህንን ደጋግሜ የምናገረው፣ ከመብት ተሟጋቾች መካከል «ዩቲዩብ ካለ ቤተ መጻሕፍት ለምን ይደክማል?» የሚል ድምፅ ስለምሰማ ነው።

የኖርዌይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የብዙ ቋንቋዎች ቤተ መጻሕፍት የሚባል ክፍል አለው፤ ቀድሞ በዳይክማን ሥር የነበረ ሲሆን፣ በአገሪቱ ላሉ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሁሉ ከኖርዌጅኛ ውጭ የሆኑ መጻሕፍትን ያቀርባል። ሥራው የሚደነቅ ነው። በዲጂታሉ በር ግን ይህ ክፍል የሚቆመው ከገበያው ፊት ነው፤ ማዋስ የሚችለው አንድ አከፋፋይ ለቤተ መጻሕፍት ፈቃድ አዘጋጅቶ የሸጠለትን ነው። ለእንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ገበያ ሞልቷል። ለአማርኛ፣ ለትግርኛ፣ ለኦሮምኛ ግን የዓለም አቀፍ አከፋፋዮች መዝገብ ስስ ነው። አዲስ አበባ ያለው አሳታሚ የሸጠው ለአዲስ አበባ አድማጭ ነው፤ የኦስሎ ቤተ መጻሕፍት ገዢ ሊሆን እንደሚችል የነገረው የለም። ገበያው በራሱ ጊዜ ይህን ያስተካክላል ብዬ አልጠብቅም፤ ደንበኛው ጥቂት ነውና።

የመሣሪያው ጉዳይ ለብቻው መነሣት አለበት። ቤተ መጻሕፍት ካሴት ሲያውስ ማንኛውም የካሴት ማጫወቻ ይበቃ ነበር፤ ሲዲውም በማንኛውም ማጫወቻ ይሰማ ነበር። መተግበሪያው ሲመጣ ግን የውሰቱ መብት ከመሣሪያው ዓይነት ጋር ተጣበቀ። ስልኩ ያረጀ ከሆነ አዲሱ የመተግበሪያ እትም አይጫንበትም። የይለፍ ቃሉ ከተረሳ መጽሐፉ ተቆልፎ ይቀራል። ኦቨርድራይቭ የተባለው ድርጅት ለዓመታት የሠራበትን የቀድሞ መተግበሪያ በግንቦት 2023 ዘግቶ ተጠቃሚዎቹን ወደ ሊቢ አሻገረ፤ ለወጣቱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፣ አንድ ጊዜ በብዙ ድካም አሠራሩን ለተማረ አዛውንት ግን አዲስ መሰናክል ነው። የቴክኖሎጂ ጥበቃው የተሠራው ፋይሉ ከመተግበሪያው እንዳይወጣ ነውና፣ ትልልቅ ቁልፎች ባሉት ቀላል ማጫወቻ ላይ ገልብጦ ለእናት መስጠት አይቻልም። ቤተ መጻሕፍቱ የድምፅ መጽሐፍ አውሷል፤ አድማጯ ግን አልሰማችም።

አስገራሚው ነገር፣ ለዚህ ችግር መፍትሔው በዚሁ አገር ተሠርቶ መቀመጡ ነው። ኖርዌይ የታተመ ጽሑፍ ማንበብ ለሚያስቸግራቸው ሰዎች የሚያገለግል የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት አላት። ለረጅም ጊዜ ኤን ኤል ቢ በሚለው ምኅጻር ሲታወቅ ኖሮ አሁን ቲቢ ተብሏል። አገልግሎቱ ለዓይነ ስውራን ብቻ አይደለም፤ ዲስሌክሲያ ያለባቸውን፣ በሕመም ወይም በአካል ጉዳት መጽሐፍ ይዘው ማንበብ የማይችሉትንም ያካትታል። መጻሕፍቱን የሚያዘጋጀው ዴዚ በሚባለው ክፍት ደረጃ ነው። ዴዚ አድማጭ ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ፣ ከገጽ ወደ ገጽ እንዲዘል፣ ፍጥነቱን እንዲያስተካክል፣ ያቆመበትን ቦታ እንዲያገኝ የሚያስችል አሠራር ነው፤ ለእርሱ ተብለው የተሠሩት ማጫወቻዎችም በጣት ዳሰሳ የሚለዩ ትልልቅ ቁልፎች አሏቸው። ያቺ እናት የሚያስፈልጋት መሣሪያ ይኸው ነው። የጎደለው በውስጡ የሚገባው አማርኛ ነው።

ለዚህም ሕጋዊው በር ክፍት ነው። የማራካሽ ስምምነት በሰኔ 2013 ጸድቆ በመስከረም 2016 ሥራ ላይ ዋለ። ስምምነቱ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ አባል አገሮች የማየትና የማንበብ ችግር ላለባቸው ሰዎች ተደራሽ ቅጂ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ እንዲዘጋጅ በሕጋቸው እንዲፈቅዱ ያስገድዳል። ሁለተኛውና ለእኛ የሚበልጠው፣ በአንድ አባል አገር የተዘጋጀው ቅጂ ድንበር ተሻግሮ በሌላው አባል አገር ላለ ተጠቃሚ እንዲደርስ ይፈቅዳል፤ ይህም በአንቀጽ 5 እና 6 ተደንግጓል። ልውውጡን የሚያደርጉት በመንግሥት የተፈቀደላቸው ወይም ዕውቅና ያገኙ፣ ለትርፍ የማይሠሩ ተቋማት ናቸው። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ2020 ተቀላቅላለች። ኖርዌይም አባል ናት። ስለዚህ በአዲስ አበባ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች በድምፅ የተዘጋጀ የአማርኛ መጽሐፍ፣ ተቋማቱ ከተገናኙ፣ በሕጋዊ መንገድ ፕሪንስዳል ሊደርስ ይችላል። በዚሁ መንገድ በኖርዌይ የተዘጋጀ ቅጂ ወደ ኢትዮጵያ መሄድ ይችላል። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበርንና የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትን ከቲቢ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስቀመጥ አዲስ ሕግ አይጠይቅም። ደብዳቤ የሚጽፍና ሥራውን የሚከታተል አንድ ባለሙያ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ አለብን። የማራካሽ በር የሚያገለግለው የማንበብ እክል ላለበት ሰው ነው፤ ቋንቋውን አለማወቅ ወይም ፊደል አለመቁጠር እክል ተብሎ አልተጻፈም። ዓይኗ የደከመው እናት ትገባለች፤ ዓይናቸው ደኅና የሆነ፣ ግን ማታ ከጽዳት ሥራ መልስ አውቶቡስ ላይ በቋንቋቸው መስማት የሚፈልጉት ጎረቤቷ አይገቡም። ለእርሳቸው የሚያስፈልገው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ተራ ውሰት ነው። ከተሟጋቾች መካከል ማራካሽን ለሁሉም ችግር መፍቻ አድርገው የሚያቀርቡ አሉ፤ ይህ ስምምነቱንም ያዳክማል፣ ባለመብቶችንም ያለ ምክንያት ያስበረግጋል።

ሌላም አቋራጭ ይነሣል። ኢትዮጵያ የደራሲያንን መብት በድንበር ተሻጋሪነት ከሚጠብቀው፣ በ1886 ከተቋቋመው የበርን ስምምነት ውጭ ረጅም ዘመን ኖራለች። ከዚህ በመነሣት «እንግዲያውስ በኢትዮጵያ የታተመውን በውጭ አገር ያለ ክፍያ ብንጠቀም ማን ይከሰናል?» የሚሉ አሉ። እኔ ይህን መንገድ እቃወማለሁ። ኢትዮጵያ የራሷ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ አላት፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲውን በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል፤ ለተራኪውና ለድምፅ ቀራጩም መብት ይሰጣል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ አዋጅ ስሌት ሥራቸው ገና ለአሥርታት የተጠበቀ ነው። ባለጸጋ የሆነ መንግሥት ያለው አገር፣ የሕግ ሽንቁር ፈልጎ የአማርኛን ደራሲ ድካም በነጻ ቢወስድ፣ ነገ በዚህ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው እንዴት ይኑር?

የአሳታሚዎችና የደራሲዎች ስጋት ደግሞ በቁም ነገር ሊሰማ ይገባል፤ በዚህ ወገን ያለን ሰዎች ብዙ ጊዜ እናጣጥለዋለን። የወረቀት መጽሐፍ ውሰት የራሱ ድካም አለው፦ መሄድ፣ መጠበቅ፣ መመለስ። ይህ ድካም መግዛት የሚችለውን ሰው ወደ መጻሕፍት መደብር ይመራው ነበር። የዲጂታል ውሰት ያን ድካም አጥፍቶታል። እንደ ስቶሪቴል ባለ ድርጅት በወር ክፍያ የሚያደምጥ ሰው፣ ያው መጽሐፍ ያለ ወረፋ በነጻ ከተገኘ ለምን ይከፍላል? የስካንዲኔቪያ ደራሲ ዛሬ ከገቢው የማይናቅ ድርሻ የሚያገኘው ከድምፅ ነውና ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ቤተ መጻሕፍቱን ከበር ውጭ ማስቆም አይደለም። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በኅዳር 10 ቀን 2016 በኔዘርላንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ጉዳይ የሰጠው ፍርድ ሚዛኑን አስቀምጦታል። ቤተ መጻሕፍቱ በሕጋዊ መንገድ ያገኘውን አንድ ዲጂታል ቅጂ በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ ቢያውስ፣ የውሰቱ ጊዜ ሲያበቃም ቅጂው ከተዋሹ ዘንድ አገልግሎቱን ቢያቆም፣ ይህ በአውሮፓ የማከራየትና የማዋስ መመሪያ ውስጥ «ማዋስ» ሊባል ይችላል፤ ደራሲውም ተገቢ ክፍያ ያገኛል። ማለትም ወረፋው ይቀራል፤ ወረፋው እስካለ ድረስም መቸኮል የሚፈልገው ሰው ይገዛል።

ጉዳዩ የኤሌክትሮኒክ ጽሑፍን እንጂ የድምፅ መጽሐፍን የሚመለከት አልነበረም የሚል ክርክር እንደሚነሣ አውቃለሁ። እውነት ነው። በድምፅ መጽሐፍ ላይ የተራኪውና የቀራጩ መብት ይጨመራል። ነገር ግን ያው መመሪያ የማዋስ መብትን ለድምፅ ቅጂዎችም ይደነግጋል፤ ስለዚህ በአመክንዮ ረገድ መንገዱ አልተዘጋም። የሕግ አርቃቂዎች በግልጽ ቢጽፉት ክርክሩም ያከትማል።

በዚህ ረገድ ከሜሪላንድ የምንማረው አለ። የሜሪላንድ ክፍለ ግዛት በ2021 አሳታሚዎች ለቤተ መጻሕፍት በተመጣጣኝ ሁኔታ የዲጂታል ፈቃድ እንዲሸጡ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2022 ሕጉን ሻረው፤ ምክንያቱ ሐሳቡ ክፉ ስለሆነ ሳይሆን፣ የቅጂ መብት የፌዴራሉ መንግሥት ሥልጣን በመሆኑ ነው። ክፍለ ግዛቱ የቤተ መጻሕፍት ሕግ ማውጣት ይችላል፣ የቅጂ መብት ሕግን መንካት ግን አይችልም። በኖርዌይ ሁለቱም ሕጎች፣ የ1985ቱ የቤተ መጻሕፍት ሕግና የ2018ቱ የአእምሮ ሥራዎች ሕግ፣ በአንድ በስቶርቲንግ እጅ ናቸው። ሜሪላንድ ያጣችውን መሣሪያ እናንተ ይዛችኋል። ስለዚህ የቤተ መጻሕፍቱን ሕግ ብቻ አሳምሮ የቅጂ መብቱን ሕግ ሳይነኩ መተው ትርፉ መግለጫ ማውጣት ነው። ሁለቱ አብረው መከፈት አለባቸው፦ በአንደኛው «ውሰት» የሚለው ቃል የዲጂታሉን ቅጂ እንደሚያካትት ይጻፍ፤ በሁለተኛው አንድ ቅጂ ለአንድ ሰው የሚለው ወሰን ይቀመጥ።

ክፍያውስ? ኖርዌይ በዚህ ልምድ አላት። በ1987 የወጣው የቤተ መጻሕፍት ክፍያ ሕግ መንግሥት ለቤተ መጻሕፍት አጠቃቀም ለባለመብቶች በጋራ እንዲከፍል አድርጓል። ከ1965 ጀምሮ የሚሠራው የመጻሕፍት ግዢ ሥርዓት ደግሞ አዲስ የኖርዌይ ሥነ ጽሑፍን በመንግሥት ወጪ ገዝቶ ለቤተ መጻሕፍት ያድላል፤ ትንሽ ገበያ ያለው ቋንቋ ሥነ ጽሑፉን እንዲያቆይ ከረዱት ፖሊሲዎች ዋናው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱም ቡክሂላ በተባለው አገልግሎት፣ ከባለመብቶች ድርጅት ከኮፒኖር ጋር ተዋውሎ እስከ 2000 የታተሙ የኖርዌይ መጻሕፍትን በአገሪቱ ላለ አንባቢ ሁሉ በስክሪን ክፍት አድርጓል፤ የዘመን ገደቡም በኋላ ወደ ፊት ተገፍቷል። ደራሲው ተከፍሎታል፣ አንባቢው አንብቧል፣ አሳታሚዎቹም አልከሰሩም።

ነገር ግን የ1987ቱ ሕግ የሚመለከተው በኖርዌይ የታተሙ ሥራዎችን ነው። የአዲስ አበባው ደራሲ መጽሐፉ በሆልምሊያ መቶ ጊዜ ቢዋስ ከዚያ ድርሻ የለውም። ስለዚህ ለአማርኛና እርሱን ለመሳሰሉ ቋንቋዎች ሌላ መንገድ ያስፈልጋል፤ የእኔም ዋና ሐሳብ እዚህ ላይ ነው። የብዙ ቋንቋዎች ቤተ መጻሕፍት ከአከፋፋይ እስኪመጣለት ከመጠበቅ ወጥቶ፣ ከደራሲዎች፣ ከአሳታሚዎችና ከተራኪዎች ጋር በቀጥታ እንዲዋዋል ሥልጣንና በጀት ይሰጠው። ውሉም ዓመት ቆጥሮ የሚቃጠል መሆን የለበትም፤ ለመላው ኖርዌይ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚያገለግል፣ ፋይሉ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ እጅ የሚቀመጥበት ዘላቂ ፈቃድ ይሁን። ያን ጊዜ የፕሪንስዳልና የኮልቦትን ጎረቤቶች አንድ መደርደሪያ ይኖራቸዋል። ለአንድ የአማርኛ ልብ ወለድ የዘላቂ የድምፅ መብት የሚከፈለው ዋጋ ለኖርዌይ በጀት ቀላል ነው፤ ለአዲስ አበባ ደራሲና ተራኪ ግን ትልቅ ነገር ነው። በግዢው ምርጫ ላይ ከማኅበረሰቡ የተውጣጡ አንባቢዎች ይሳተፉ፤ አለበለዚያ ማንም የማይሰማው የመመሪያ መጽሐፍ ተገዝቶ «አማርኛ አለን» ይባላል። እንዲህ ያለ ነገር አይቻለሁ።

ስለ መሣሪያው የምጠይቀው አነስተኛ ነው። ማዘጋጃ ቤቶችና መንግሥት የመተግበሪያ አገልግሎት ሲገዙ በጨረታ ሰነዱ ላይ ሦስት አራት መስመር ይጨምሩ፦ አገልግሎቱ ባረጁ ስልኮች ላይ ለተወሰነ ዓመት እንዲሠራ፣ የገጹ ጽሑፍ የሳባ ፊደልን በትክክል እንዲያሳይና በፊደላችን ፍለጋ እንዲቀበል፣ አቅራቢው አገልግሎቱን ሲዘጋ የተጠቃሚው ዝርዝር ተላላፊ እንዲሆን። የፊደሉ ጉዳይ ትንሽ ይመስላል። የአንድ መጽሐፍ ርእስ በላቲን ፊደል በአምስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፤ «ፍቅር»ን በየትኛው አጻጻፍ እንደመዘገቡት ገምቶ የሚያገኝ አድማጭ የለም። መጽሐፉ ቢገዛም ካልተገኘ አልተገዛም። በተጨማሪም የቅርንጫፍ ቤተ መጻሕፍት ቀላል ማጫወቻ ከነመጽሐፉ ያውሱ፤ ዳይክማን መጽሐፍ ያልሆኑ ዕቃዎችንም የሚያውስ ተቋም ነውና እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

ለማኅበረሰብ ተሟጋቾች የምለው ከዚህ ይለያል። በዚህ ሰፈር ካሉ አማርኛ ተናጋሪዎች መካከል የቲቢ አገልግሎት የሚገባቸው፣ ነገር ግን መኖሩን እንኳ ያልሰሙ አሉ። የዲስሌክሲያ ነገር በእኛ ቤት ብዙ ጊዜ ስንፍና ተብሎ ይታለፋል፤ ልጁ «አንባቢ አይደለም» ይባላል። ያ ልጅ የትምህርት ቤቱን የኖርዌጅኛ መጽሐፍ በድምፅ የማግኘት መብት አለው፤ ይህ ዛሬ፣ ምንም ሕግ ሳይለወጥ የሚሠራ ነው። በየአብያተ ክርስቲያናቱ፣ በየመስጊዱ፣ በየዕድሩ ይነገር። ተመዝጋቢው ሲበዛ ቲቢም የአማርኛ ጥያቄ ይቆጠርለታል፤ ከአዲስ አበባ ጋር ለመዋዋልም ምክንያት ያገኛል። ያልተጠየቀ ቋንቋ በበጀት ሰንጠረዥ ላይ አይታይም።

ለተወካዮች ረዳቶች ደግሞ አንድ የተግባር ጥያቄ ትቼ ልቀመጥ። የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ዓመታዊ የበጀት መመሪያ ከባህል ሚኒስቴር ይወጣል። በሚቀጥለው መመሪያ ላይ የብዙ ቋንቋዎች ቤተ መጻሕፍት ከኖርዌጅኛ ውጭ ለሆኑ የድምፅ መጻሕፍት በቀጥታ የመዋዋል ኃላፊነት እንዳለበት የሚገልጽ አንድ አንቀጽ እንዲገባ፣ ተወካያችሁ ለሚኒስትሩ የጽሑፍ ጥያቄ ማቅረብ ይችላል። የጥያቄውን ረቂቅ በኖርዌጅኛ አዘጋጅቼ በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ፤ አንድ ገጽ ነው። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።